ብራንድ ለመቀየር ለሚያስቡ የጣና ዳር ፎቶ አንሺዎች፦ ስለ ረጅም ዙም ሌንስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ካሜራ ያነገቱ ሰዎች ተገናኝተው ሻይ ባሉ ቁጥር የሚነሱት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምራለን።

ረጅም ዙም የሚባለው የቱ ነው? ለጣናስ ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

ከ70 ሚሊሜትር ወደ ላይ የሚሄዱትን ዙሞች በሙሉ ቴሌፎቶ እንላቸዋለን። ግን 70-200 እና 200-600 ሥራቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ለሰው፣ ለሠርግና ለበዓል ነው። ሁለተኛው ለወፍ፣ ለጉማሬና ራቅ ብሎ ለሚቀዘፍ ታንኳ ነው።

ሚሊሜትሩን በርቀት ብታስቡት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ፉል ፍሬም ካሜራ (ብርሃን ተቀባዩ ሰንሰር የድሮ ፊልም ያህል የሆነ) ይዛችሁ 50 ሜትር ርቆ ያለ ነገር ስታነሱ፣ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ወደ ጎን 6 ሜትር ያህል ያሳያል። 400 ከሆነ 4 ሜትር ተኩል፣ 600 ከሆነ 3 ሜትር ነው። አሁን ወፎቹን አስገቡበት። ክንፉን የዘረጋ ፔሊካን ወደ 3 ሜትር ሊጠጋ ስለሚችል በ600 ፍሬሙን ይሞላዋል። ዓሣ የሚያድነው ራሰ ነጩ ንስር የክንፉ ስፋት 2 ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በደንብ ይታያል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ኪንግፊሸር ግን ርዝመቱ 25 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። በዚያው ርቀት፣ በዚያው 600 ሌንስ፣ ከፍሬሙ ስፋት አንድ አሥራ ሁለተኛውን ቢይዝ ነው።

ስለዚህ ለትልልቆቹ ወፎችና ለጉማሬ 400 ሥራ ይሠራል። ለትንንሾቹ 600 ቢኖራችሁም መቅረብ አይቀርላችሁም። በ20 ሜትር ውስጥ ካልገባችሁ ኪንግፊሸር በየትኛውም ብራንድ ነጥብ ነው።

ብራንድ ልቀይር ስል መጀመሪያ የማየው ቦዲውን ነው ወይስ ሌንሱን?

ሌንሱን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ያደርጋል። አዲስ የወጣ ቦዲ ያይና ልቡ ይሸፍታል፤ ቦዲውን ከገዛ በኋላ የሚፈልገው ሌንስ በዚያ ብራንድ ወይ የለም፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ነው። ቦዲ በሦስትና በአራት ዓመት ይቀየራል። ጥሩ ረጅም ሌንስ ግን አሥር ዓመት አብሮ ይኖራል።

የሂሳቡ ወረቀት ላይ ሁሉንም ጻፉት፦ ቦዲ፣ ሌንስ፣ አዳፕተር፣ ትርፍ ባትሪ፣ ካርድ። ካርዱን አትናቁት። ፈጣን የሚባሉት ሲኤፍኤክስፕረስ ካርዶች በሶኒ ዓይነት ኤ፣ በኒኮንና በካኖን ዓይነት ቢ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዚያ የድሮው ዕቃችሁ ቢሸጥ የሚያወጣውን ቀንሱ። የቀረው ቁጥር የብራንድ መቀየሪያው እውነተኛ ዋጋ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ገንዘብ አሁን ባላችሁ ብራንድ የተሻለ ሌንስ ይገዛል። እንደዚያ ከሆነ መቀየሩ አያዋጣም፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ያለኝ ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ይገጥማል?

በዚያው ብራንድ ውስጥ ከቆያችሁ አዎ፣ ከሞላ ጎደል። ካኖን ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራቸው የኢኤፍ ሌንሶች በራሱ በካኖን አዳፕተር በአዲሶቹ አርኤፍ ካሜራዎች ላይ በሚገባ ይሠራሉ። ፎከሱ አይዘገይም፤ እንዲያውም በአንዳንዶቹ ከድሮው ካሜራ ይልቅ አዲሱ ላይ ይሻላል። የኒኮን ኤፍቲዜድ አዳፕተርም ኤኤፍ-ኤስ እና ኤኤፍ-ፒ የሚል የተጻፈባቸውን ሌንሶች በአውቶፎከስ ያሠራል። በውስጣቸው ሞተር የሌላቸው የኤኤፍ-ዲ ሌንሶች ግን በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርጉም።

ከብራንድ ወደ ብራንድ ስትሻገሩ ወሳኙ ከሌንሱ መግጠሚያ እስከ ሰንሰሩ ያለው ርቀት ነው። በካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር፣ በኒኮን ኤፍ 46.5 ነው። በአዲሶቹ ካሜራዎች ያጥራል፦ በካኖን አርኤፍ 20፣ በሶኒ ኢ 18፣ በኒኮን ዜድ 16። አዳፕተር ሊገባ የሚችለው ከረጅሙ ወደ አጭሩ ሲኬድ ብቻ ነው። ለዚህ ነው የድሮ ኢኤፍ ሌንስ ሶኒ ላይ የሚገጥመው። የሶኒ ሌንስም በ2 ሚሊሜትር ቀጭን አዳፕተር ኒኮን ዜድ ላይ ይገባል። የሶኒ ሌንስ ግን ካኖን አርኤፍ ላይ በአዳፕተር አይሠራም፤ ቦታም የለ።

መግጠም አንድ ነገር፣ የሚበር ወፍ መከተል ሌላ ነገር ነው። ኢኤፍ ሌንስ ሶኒ ላይ አስገጥማችሁ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው በደንብ ታነሳላችሁ። ንስር ሲወረወር ግን ፎከሱ ይቀደማል። በአዳፕተር ብራንድ መሻገር ለጊዜው መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይሁን።

ክሮፕ ካሜራ ላይ 400 ሚሊሜትር 640 ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

የሚያሳየው ስፋት እንደ 640 ይሆናል፤ ሌንሱ ግን 400 ነው። የካኖን ክሮፕ 1.6፣ የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂ 1.5፣ የኦኤም ሲስተምና የፓናሶኒክ ትንንሽ ካሜራዎች 2 እጥፍ ነው። ሰንሰሩ ስላነሰ ከምስሉ መሐሉን ቆርጦ ይሰጣችኋል።

ታዲያ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። ጥቅሙ የሚለካው ወፉ ላይ ስንት ፒክስል አረፈ በሚለው ነው። የካኖን አር7 በክሮፕ ሰንሰር 32.5 ሜጋፒክስል አለው። 24 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም ወደዚያው ስፋት ቢቆረጥ የሚተርፈው 9 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። 45 ሜጋፒክስል ያለው ፉል ፍሬም በ1.5 ቢቆረጥ ወደ 20 ይቀራል። እንግዲህ ለወፍ የሚሆን ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰው ክሮፕ ካሜራ ከቀላል 100-400 ጋር ቢይዝ ብልህ ነው። ዋጋውን የምትከፍሉት ብርሃን ሲያንስ ነው፤ ፎቶው ቶሎ ይሻክራል።

በኤፍ/5.6፣ በኤፍ/6.3 እና በኤፍ/9 መካከል ይህን ያህል ልዩነት አለ?

አለ። ከኤፍ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሌንሱን ቀዳዳ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ከኤፍ/6.3 ወደ ኤፍ/9 ስትሄዱ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከኤፍ/5.6 ወደ ኤፍ/11 ከሆነ ሩብ ነው የሚቀረው። የጎደለውን ወይ በሸተር (በመክፈቻው ፍጥነት) ወይ በአይኤስኦ (ሰንሰሩ ለብርሃን ባለው ስሜት) ትከፍሉታላችሁ።

ክፍት ሐይቅ ላይ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ጣና ላይ ብርሃን ሞልቶ ተርፏል። ደግሞ ባሕር ዳር ከሐይቁ በስተደቡብ ስለሆነች ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ከጀርባችሁ ናት። ከከተማው ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ሐይቁ ስታነሱ ወፉ ፊት ለፊት ይበራል። ስደተኞቹ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው የሚሰነብቱትም በዚሁ ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ኤፍ/9 ምንም አይልም።

ዘጌ ስትገቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቡናው ራሱ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ትልቅ ምንቃር ያለው ሆርንቢል ከላይ ከዛፉ ጫፍ ይጮሃል፣ ጦጣው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል፣ እናንተ ከታች ጨለማ ውስጥ ናችሁ። እዚያ በኤፍ/6.3 አይኤስኦ 3200 የበቃው ነገር በኤፍ/9 ወደ 6400 ይወጣል። ዘጌን የሚያዘወትር ሰው ከርዝመት ይልቅ ለብርሃን ቅድሚያ ይስጥ።

ሶኒ 200-600፣ ኒኮን 180-600፣ ካኖን 200-800። የትኛው ይሻላል?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ ብራንድ የሚያስቀይሩትም ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሶኒው በ2019፣ የሁለቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ወጡ። ሲወጡ የተተመነላቸው ዋጋ የኒኮኑ 1,700 ዶላር ገደማ፣ የካኖኑ 1,900፣ የሶኒው 2,000 ገደማ ነበር። ሦስቱም 2 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። ሦስቱም 95 ሚሊሜትር ፊልተር ይወስዳሉ። በጥራት ከተባለ፣ ጥሩ ብርሃን ላይ የተነሱ ፎቶዎችን አትማችሁ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ የትኛው የቱ እንደሆነ የሚለይ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ልዩነታቸው አያያዛቸው ላይ ነው። የሶኒውና የኒኮኑ ዙም ሲደረጉ አይረዝሙም፤ መስታወቱ ውስጥ ለውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህ ጣና ላይ ትልቅ ነገር ነው። ጀልባ ላይ ግራ እጃችሁ ከሥር ደግፎት ሳለ በጣታችሁ ብቻ ከ200 ወደ 600 ትደርሳላችሁ፤ ሚዛኑም አይዛባም። የካኖኑ ወደፊት ይወጣል። 800 ላይ ሲደርስ በጣም ይረዝማል፣ ክብደቱም ወደፊት ይሄዳል። በበጋ የገጠር መንገድ ላይ ደግሞ አፈር አለ፤ የሚወጣና የሚገባ ሌንስ አቧራ ይዞ መግባቱ አይቀርም።

ካኖኑ የሚያሸንፍበት ርዝመቱ ነው። ሸሸርና ወላላ በሚባሉት የፎገራ ረግረጎች የሚከርሙት ረጃጅም እግር ክሬኖች ሰው አያስጠጉም። ሜዳው ገላጣ ነው፤ መደበቂያ የለም። እዚያ 800 ያለው ሰው ይስቃል። ግን 600 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ኤፍ/8 ነው፤ የሁለቱ ገና ኤፍ/6.3 ናቸው። እኔ ብጠየቅ፣ ሥራው ከጀልባ ላይ ለሆነ ሰው ኒኮኑን ወይም ሶኒውን፣ ከየብስ ሆኖ ሩቅ ሜዳ ለሚያነሳ ካኖኑን እመርጣለሁ። በዋጋው ኒኮኑ ይሻለኛል።

ካኖን ሌላም 100-500 አለው። ቀይ ቀለበት ያለው፣ ያለ ትራይፖድ መያዣ እግሩ 1,370 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ድንቅ ሌንስ ነው። ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ይውላል። 2,700 ዶላር ነው የወጣው፤ ኪስ ይጎዳል።

በጀቴ ትንሽ ነው። ብራንድ ሳልቀይር ወይም በትንሽ ወጪ ቀይሬ ምን ልይዝ?

የካኖን ክሮፕ ካሜራ ያለው ሰው 55-250 የኤስቲኤም ሌንስ ይፈልግ። 375 ግራም ነው፣ ከዋጋው በላይ ይሠራል። 75-300 የሚለውን ግን ቢረክስም እለፉት። ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ) የለውም፣ 300 ላይም ምስሉ ይለሰልሳል። በየሱቁ ስለሚገኝ ብቻ ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ ረጅም ሌንስ ሁሉ እንዲህ ነው ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ያሳዝነኛል።

ወደ ካኖን አር (አርኤፍ ሌንስ ወደሚቀበሉት አዲሶቹ ካሜራዎች) ለመሄድ የወሰነ ሰው 100-400 ኤፍ/5.6-8 ይመልከት። 635 ግራም ነው። ሲወጣ 650 ዶላር ነበር። ክሮፕ ካሜራ ላይ ሆኖ ጠዋት ጣና ዳር ላይ ለመማር ከእሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ሁለት ስሞችን ያዙ፦ የሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪና የኒኮን 200-500 ኤፍ/5.6። ሁለቱም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ከባድ ናቸው፣ ፎከሳቸውም እንደ አዲሶቹ አይፈጥንም። ግን ብዙ ሰው ወደ አዲስ ካሜራ ሲሻገር ስለሚሸጣቸው በቅናሽ ይገኛሉ።

ፉጂ ወይም ኦኤም ሲስተም ብሄድስ?

ክብደት ያስቸገረው ሰው ሊያስበው ይገባል። የፉጂ 150-600 ውስጥ ለውስጥ ዙም የሚያደርግ ሆኖ 1,605 ግራም ነው፤ ክሮፑ ሲታሰብ እስከ 900 ያሳያል። ኤፍ/8 መሆኑን ግን ከላይ ካልነው የዘጌ ጉዳይ ጋር አዛምዱት። የኦኤም 100-400 ደግሞ 1,120 ግራም ሆኖ እስከ 800 ያሳያል።

ችግሩ አገር ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ላይ በየሰዉ እጅ የሚታየው ካኖን ነው፣ ቀጥሎ ኒኮንና ሶኒ። ባትሪ ቢሞት፣ ቻርጀር ቢጠፋ፣ ሌንስ ለአንድ ቀን መዋስ ብትፈልጉ ብቻችሁን ትሆናላችሁ። ስትሸጡትም ገዢ ፍለጋ አዲስ አበባ መደወል ይመጣል።

ወፍ አላነሳም፤ ሥራዬ ሠርግና ጥምቀት ነው። ለእኔስ?

የእናንተ ጥያቄ 70-200 ኤፍ/2.8 ነው። የሶኒው ሁለተኛው ትውልድ 1,045 ግራም፣ የካኖኑ የ2019 1,070፣ የኒኮን ዜዱ 1,360 ግራም ነው። ሦስቱም እጅግ ጥሩ ናቸው። ለእነዚህ ብሎ ብራንድ መቀየር ትርጉም የለውም፤ ያላችሁበት ብራንድ ውስጥ አለላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የካኖኑ የ2019 ሌንስ አጭርና ቀላል የሆነው ዙም ሲደረግ ስለሚረዝም ነው፤ ቴሌኮንቨርተርም (በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ ርዝመቱን የሚያበዛ) አይቀበልም። ለጥምቀት ታቦቱን ከሩቅ ለማንሳት 1.4 እጥፍ ልጨምርበት ብላችሁ ካሰባችሁ አይሆንም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ዜድ የሚለው የካኖኑ ዓይነት ግን ይቀበላል።

የሲግማና የታምሮን ሌንስ ብገዛ ምን አጣለሁ?

እንደ ብራንዱ ይለያያል። ሶኒ በሩን ከፍቷል፤ የታምሮን 150-500ም የሲግማ 150-600 ስፖርትስም አሉላችሁ፣ ከሶኒው 200-600 ረክሰው ነው የወጡት። ሁለት ገደብ ግን አለ። አንደኛ፣ ሶኒ ማውንት ላይ የሌላ ኩባንያ ሌንስ ቴሌኮንቨርተር አይወስድም። ሁለተኛ፣ እንደ ኤ1 ባሉት ፈጣን ካሜራዎች ላይ በሰከንድ ከ15 ፎቶ በላይ አይሄድም። ኤ7 3 ለያዘ ሰው ሁለተኛው ምንም ማለት አይደለም፤ ካሜራው ራሱ የሚያነሳው 10 ነው።

ኒኮን ዜድም የታምሮን 150-500ን ተቀብሏል። ካኖን አርኤፍ ግን ጠባብ ነው። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለክሮፕ ካሜራዎች የሚሆኑ የሲግማና የታምሮን ሌንሶች ገብተዋል፤ እነዚያ ግን አጫጭሮቹ ናቸው። ርካሽ ረጅም ሌንስ ከሌላ ኩባንያ አገኛለሁ ብሎ ወደ ካኖን አር የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። መውጫው የድሮውን የኢኤፍ ሲግማ በአዳፕተር መጠቀም ነው።

ጀልባ ላይ ትራይፖድ ይዤ ልግባ?

አትያዙ። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ትራይፖዱም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ የሞተሩን ንዝረት በእግሮቹ በኩል ቀጥታ ወደ ሌንሱ ያደርሰዋል። ተቀመጡ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ፣ ሌንሱን ከሥር ደግፉ። ጀልባ ነጂውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩት፤ ወፉ ጋ ሳትደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ በደረሰበት ፍጥነት እንዲንሳፈፍ። በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል።

ስታቢላይዘር የእጃችሁንና የጀልባዋን መናወጥ ይቀንሳል፤ የወፉን ክንፍ ግን አያስቆምም። ኪንግፊሸሩን አንድ ጊዜ በደንብ እዩት። ከደንገሉ ላይ ይነሳል፣ ውኃው ላይ አንድ ቦታ ላይ ይንሳፈፋል። ክንፉ ይርገበገባል፤ ጭንቅላቱ ግን በምስማር የተመታ ይመስል አይነቃነቅም። ከዚያ እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሲንሳፈፍ 1/2500 ሰከንድ ይበቃል፤ ሲወርድ ከዚያም ፍጠኑ። ለተቀመጠ ወፍ ከጀልባ ላይ ከሆነ ከ1/1000 አትውረዱ።

ብራንድ ስታወዳድሩ ይህም ይግባ፦ እንደ ካኖን አር10፣ ኒኮን ዜድ50 እና ሶኒ ኤ6400 ያሉት ቦዲዎች በውስጣቸው ስታቢላይዘር የላቸውም። በእነሱ ላይ የምትገዙት ረጅም ሌንስ የራሱ ያለው መሆን አለበት።

ውድ ሌንስ ገዛሁ፤ የሩቁ ፎቶ ግን አሁንም ይደበዝዛል። ሌንሱ ተበላሽቶ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አየሩ ነው። ውኃውና ከላዩ ያለው አየር ሙቀታቸው ሲለያይ ብርሃኑ በመንገዱ ይጎባብጣል፤ አስፋልት ላይ በቀትር የሚታየው ዓይነት መንቀጥቀጥ ነው። ረጅም ሌንስ ወፉን እንዳቀረበ ሁሉ ይህንንም ያቀርበዋል። ፎከሱ ቢይዝም ላባው ቅቤ የተቀባ ይመስላል።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ 100 ሜትር ርቆ ያለ ወፍ ላይ አትድከሙ። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ውኃው ከአየሩ ሞቆ ያድራል፤ በዚያ ወቅት ማለዳም ይኸው ነገር ሊያጋጥም ይችላል። ቀላሉ መፈተሻ ይህ ነው፦ በዚያው ሌንስ 15 ሜትር ርቀት ላይ ያለ የተጻፈበት ነገር አንሱ። ጥርት ካለ ሌንሳችሁ ደህና ነው። ብዙ ሰው በዚህ ሰበብ ደህናውን ሌንስ በኪሳራ ሸጦ ሌላ ብራንድ ይገዛል፤ አዲሱም ያንኑ ፎቶ ያነሳለታል። 600ን ወደ 800 መለወጥም ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው መቅረብ ነው።

ያገለገለ ረጅም ሌንስ ስገዛ ምን ልፈትሽ?

የራሳችሁን ካሜራ ይዛችሁ ሂዱ። ሌንሱን በጣም ረጅሙ ላይ አድርጉ፣ ቀዳዳውን ሙሉ ክፈቱ፣ ራቅ ያለ የሱቅ ማስታወቂያ አንሱና ጽሑፉን አጉልታችሁ አንብቡ። ከዚያ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ከሩቅ ወደ ቅርብ ፎከስ አድርጉ፤ የሚያንቋርር ድምፅ ካለ ጥርጣሬ ይግባችሁ። የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ መስታወቱን ተመልከቱ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው፤ ተዉት። ትንሽ አቧራ ግን አያስደነግጥ፣ ፎቶ ላይ አይታይም።

ወደ አዲስ ብራንድ የምትሻገሩ ከሆነ ለድሮዎቹ ሲግማና ታምሮን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፦ ሶፍትዌሩ ታድሷል ወይ? ካልታደሰ በአዳፕተር አዲስ ካሜራ ላይ ፎከሱ ሊያስቸግር ይችላል። ማደሻው ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ሻጩ ካለው አብሮ ይስጣችሁ። ሌንሱ ከውጭ በዘመድ የሚመጣ ከሆነ ደረሰኙ አብሮ ይምጣ፤ ዋስትናውም በተገዛበት አገር ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ይጠየቅ።

ረጅም ሌንስ ከመግዛት ቴሌኮንቨርተር ብጨምርበትስ?

1.4 እጥፉ ብርሃኑን በግማሽ፣ 2 እጥፉ ወደ ሩብ ያወርደዋል። የሶኒው 200-600 ላይ 1.4 ብትጨምሩ 840 ሚሊሜትር በኤፍ/9 ታገኛላችሁ፤ ከካኖኑ 800 ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው። በሚገባ ይሠራል። 2 እጥፉን ግን ኤፍ/6.3 ሌንስ ላይ አልመክርም። የካኖኑ 100-500 ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፦ ኮንቨርተር ሲገባበት ከ300 በታች አይመለስም። ጀልባው ሳይታሰብ ወደ ጉማሬው ሲጠጋ ማሳጠር አትችሉም፤ ያኔ ፎቶውን ትታችሁ ወደኋላ ማለት ነው ያለባችሁ።

ሁለት ብራንድ እኩል ሆኖብኛል፤ ጓደኞቼ ሁሉ ግን ኒኮን ናቸው። ይህን ከግምት ላስገባ?

አስገቡ፤ እንዲያውም ከሁሉ በፊት። ጓደኛ ያለው 180-600 ለእናንተ በዓመት ጥቂት ቀን የእናንተም ነው። እናንተ 70-200 ከያዛችሁ እሱም ለሠርግ ይወስደዋል። ሁለት ሰዎች እንዲህ ተስማምተው አንድ ብራንድ ቢይዙ፣ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ዕቃ ሁለቱም ይጠቀሙበታል። እዚህ አገር ሌንስ በቀላሉ ተከራይቶ መመለስ ስለማይቻል ይህ ከየትኛውም የመጽሔት ፈተና በላይ ይመዝናል።

ከመወሰናችሁ በፊት የጓደኛችሁን ካሜራ ለአንድ ጠዋት ተዋሱና ወደ ዓባይ መውጫ ሂዱ። የካኖንና የኒኮን ዙም የሚዞሩበት አቅጣጫ ተቃራኒ ነው፤ ሌንሱ ወደ ካሜራው ሲገባ የሚዞረውም እንደዚሁ። ለዓመታት የለመደ እጅ ንስሩ ሲነሳ ወደ ተሳሳተው ጎን ማዞሩ አይቀርም። ያ ልማድ በጥቂት ሳምንት ይስተካከላል፤ ሠርግ ሊያነሱ በተያዙበት ሳምንት ግን ብራንድ አትቀይሩ።